እትዬ ሜይ ያልጨረሰችልን ተረት

ይህን ተረት ያገኘሁት ከእትዬ ሜይ፣ ከጎረቤታችን ከቻይናዊቷ ነው። ልጅ ሳለሁ አዋሳ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ቻይኖች ነበሩ፤ ባልየው ጋሽ ዋንግ ጥርስ ሠሪ፣ ሚስትየዋ እትዬ ሜይ። በጃንሆይ ጊዜ በጅቡቲ በኩል መጥተው እዚያው ሐይቁ አጠገብ የቀሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ይህን ሳወራ «ያኔ ደግሞ የምን ቻይና ነበረና!» እያለ የሚያርመኝ ሰው አይጠፋም። አጥራቸው ሥር ያደግሁት እኔ፣ አራሚው እሱ!

ያኔ መብራት በየምሽቱ ይጠፋል። ሐይቁ ትንኙን ይሰድድብናል፤ እትዬ ሜይ ደግሞ ደጃፏ ላይ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ፍም ላይ እየጣለች ታጨስበታለች። ልጅ ስላልወለደች የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የእሷ ነበር፤ ዓይናችን እያለቀሰ ጭሱ ውስጥ እንኮለኮልና በኩራዝ ብርሃን የተቆላ ሱፍ እየፈለፈልን ተረት እንጠብቃለን። አማርኛዋን ከገበያ የለቀመችው ስለሆነ አንቱታ የሚባል አታውቅም፤ እኛም አንቺ ማለት ለመድን። እናቴ አስካለ ሥራዋን ትታ አጥሩን ተደግፋ ትሰማለች። ሰው ካያት «ልጄን ልጠራ መጥቼ ነው» ትላለች፤ ጠርታኝ ግን አታውቅም። ሰፈሩ ውስጥ የእናቴ ጆሮ ያልደረሰበት ጓዳ አልነበረም፤ እኔም ብሆን ከማን ልወርሰው ነው?

እትዬ ሜይ የምትነግረን የጅብና የአህያ ተረት አልነበረም። የገዛ ልጅነቷን ነው እንደ ተረት አድርጋ የምታወራልን። አባቷ በአገራቸው ዘይት ጨማቂ ነበሩ። አብዮት መጣና «በዝባዥ» ተባሉ፤ ረዥም የወረቀት ቆብ አድርገውላቸው ሰፈርተኛው ፊት አንበረከኳቸው፣ ጎረቤት ሁሉ እየተነሣ ጥፋታቸውን እንዲናገር ታዘዘ። ዝም ያለ ተባባሪ ነው። ያኔ አንዲት ዳክዬ የምታረባ ጎረቤታቸው ተነሥታ «እኔ አለኝ!» አለች። የጣሪያቸው ውኃ ዳክዬዎቼ ላይ ይወርዳል፣ ሲያስነጥሱ ግድግዳዬ ይንቀጠቀጣል፣ ልጃቸው ትልቋን ዳክዬ በድንጋይ ፈነከተችብኝ... እዚህ ላይ እትዬ ሜይ ራሷ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘች ስትጮኽ እኛ በሳቅ እንሞታለን። ሴትዮዋ ስታወራ፣ ስታወራ፣ ሰው አዛጋ፣ ዝናብ መጣ፣ ሰብሳቢውም ሰለቸው። «ከዚያ ሁሉም ቤቱ ገባ» ትልና እትዬ ሜይ ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች።

እኛም አብዮት መጣልን። መጀመሪያ ላይ ቀበሌው በጋሽ ዋንግ አበደ፤ ቻይናዊ ሆኖ አብዮት የማያውቅ አለ ብሎ ማን ይጠርጥር! በሠራተኞች ቀን መድረክ ላይ ጎልተው አስጨበጨቡላቸው። ሰውየው ከዚያው ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ግን ማን ጠየቃቸው? ቀጥሎ ነፋሱ ዞረ፤ ከመስኮብ ጋር ተፋቀርንና ቻይና ከጠላት ተቆጠረች። ያው ሰውዬ፣ ያው ቤት፣ ያው ሞረድ፣ ከጓድነት ወደ ሰላይነት ተገለበጡ! እስቲ ይሄ ምን ይባላል? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ «ሰላይ» ሲል ብልጭ ያደረገውን የፊት ጥርስ እንኳ የሠሩለት ጋሽ ዋንግ ነበሩ።

አንድ እሑድ ጠዋት አዳራሽ ጠሩን። ጋሽ ዋንግን ፊት አቆሟቸው፤ በሩ ላይ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ቆሙ። ያኔ ከዚያ በር በጥበቃ ታጅቦ የወጣ ሰው እንደማይመለስ ልጅም ያውቅ ነበር።

«የምታውቁትን አጋልጡ! ዝም ያለ የእሱ ቢጤ ነው» አለ ጓድ ደምሴ።

ሰው አንገቱን ደፋ። እናቴ ተነሣች።

«እኔ አጋልጣለሁ!»

የእትዬ ሜይ ፊት አመድ መሰለ።

«ይሄ ሰውዬ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ቦዩን ወደ እኔ ደጅ ነው የቀደደው። ክረምት በመጣ ቁጥር ቤቴ ሐይቅ ነው። መልስ ስለው በቻይንኛ ይመልስልኛል!»

«ጥሩ ጓዲት፣ ወደ ፖለቲካው ግቢ።»

«እየመጣሁ ነው ጓድ! ጥርስ ሲሞርድ ዶሮዬ ደንግጣ እንቁላል ትከለክላለች። በሁዳዴ ዓሣ ይጠብስና ሽታውን ይልክብኛል። ሚስቱ ደግሞ በኅዳር ወንፊቴን ተውሳ በሚያዝያ መለሰችው፤ ያውም ተቀዶ!»

ይሄኔ እትዬ ሜይ ብድግ አለች። «ውሸት! ወንፊቱ ድሮም ቀዳዳ አለው!»

«ወንፊት ሆኖ ቀዳዳ የሌለው አለ እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እናቴ የምር ተናደደች። «አንቺ! እኔ እዚህ የቆምኩት ለማን...» ብላ ምላሷን ነከሰች። ደግነቱ ጓድ ደምሴ አልሰማትም፤ ጠረጴዛ እየደበደበ ነበር።

«ይሄ የአብዮት መድረክ ነው ወይስ ጉሊት? ለቦይና ለወንፊት ፍርድ ሸንጎ አለላችሁ!»

ጉዳዩ ወደ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተመራ። በሰላይነት የቀረቡት ጋሽ ዋንግ በቦይና በወንፊት ተከሰው፣ ቀጠሯቸው እስኪደርስ ከሰፈር እንዳይወጡ ተነግሯቸው ቤታቸው ገቡ።

ምሽቱን እናቴ ምስጋናዋን ልትቀበል እየተኩራራች ተሻገረች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። እትዬ ሜይ ዕቃ ስትጠቀልል አገኘናት።

«ምነው? ዳኑ እኮ! እንደ ዳክዬዋ ሴትዮ አደረግሁልሽ እኮ!»

«አውቃለሁ አስካለ። የአባቴ ግን እዚያ ላይ አላለቀም። ሌላ ስብሰባ ጠሩ። የእኛን ሰፈር ሰው አላስገቡም፤ አባቴን የማያውቅ ሰው ከሌላ መንደር አመጡ። የማያውቅ ሰው ስለ ዳክዬ አያወራም። ያን ቀን ገደሉት።»

እናቴ ደረቷን መታች። «አንቺ ሴትዮ! ያን ሁሉ ማታ ስታወሪልን ይሄን ለምን ዋጥሽው?»

«ብነግርሽ ትነሺ ነበር?»

እናቴ ቁጭ ብላ ዕቃውን አብራ ትጠቀልል ጀመር። ትንሽ ቆይታ እትዬ ሜይ «ወንፊቱን ግን አልቀደድኩትም» አለች። «ቀደሻል!» «አልቀደድኩም!» ሞት ደጃፍ ቆሞ፣ እነሱ በወንፊት! ጋሽ ዋንግ ማዶ ተቀምጠው ጣራ ጣራ ያያሉ።

በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባልና ሚስት ዘምቢል አንጠልጥለው ወጡ። እናቴ ከጎናቸው እየሄደች ስለ ቦዩ ትጮኻለች፣ እትዬ ሜይ ትመልስላታለች። ጥበቃዎቹ «ወደ ሸንጎ ናችሁ?» ብለው እየሳቁ አሳለፏቸው። ከቱላ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች መሐል ገብተው ከዓይናችን ጠፉ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ እትዬ ሜይ እንደፈራችው፣ ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራ። ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሰዎች አግዳሚውን ሞልተው ተቀምጠው ነበር። በር ላይ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ የእናቴ ስም ነው። ሰፈሩ «ወሬኛ» ሲላት ኖረ። ወሬኛ ባትሆን ያን ሁሉ ነገር ከየት ታመጣው ነበር? ልጆቼ ደግሞ ተረቱን ስነግራቸው ዳክዬዋን ድገሚልን ይሉኛል፤ የቀረውን አይሰሙኝም። እኔም ያኔ በሱፉ አፌ ተይዞ እንደነሱ ነበርኩ መሰል፤ ቢሆንም ያናድዳል።

ጋሽ ዋንግ ጅቡቲ ደርሰው እዚያው አርጅተው ሞቱ። እትዬ ሜይ ከእሳቸው በኋላ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። ጓድ ደምሴን በዓመቱ የራሱ ጓዶች ያዙት፣ አልተመለሰም። እናቴን ቻይኖቹን አስመለጥሽ ብለው ከክረምት እስከ ፋሲካ አሰሯት። ከወጣች በኋላ፣ እስክትሞት ድረስ፣ ስለ ጎረቤት ክፉም ደግም ተናግራ አታውቅም።