የላሚቱ ገመድ

ያን ጠዋት ሱሉልታ፣ በረታችን ደጃፍ የቆምነው አምስት ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ከሰበታ የፋብሪካ ሥራውን ትቶ የተመለሰው ታላቅ ወንድሜ፣ ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን እና እኔ።

ከሣር መሬታችን ግማሹ ላይ ቤት ስለተሠራበት ድርቆሹ ከአንዲት ክልስ ላም በላይ አይቀልብም። አባቴ ሌሎቹን ላሞች ሸጦ ክልሷን ለአንዳችን ሊሰጥ ወሰነ። ከጥጃነቷ ያሳደግኳት፣ የምትበላውንም በደብተር ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ አልቧት የሚያውቅ የለም።

አባቴ የላሚቱን ገመድ ከእጄ ወስዶ ለወንድሜ አቀበለው።

«እሱ ሚስት አለችው» አለ።

ኦቦ ወደ እኔ ዞረው «አንተ እንግዲህ ደብተርህን እለበው» አሉኝ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ወንድሜ ወዲያው ሊያልባት ቁጢጥ አለ። ላሚቱ ፉርሽካ ካልቀመሰችና ጡቷ ለብ ባለ ውሃ ካልታጠበ ወተቷን አትለቅም። ይዛ አስቀረችበት።

«ምን ሆነች?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

ሦስት ቀን እንዲሁ ዝም ብዬ አየሁት፤ ባዶ ባልዲ ይዞ ሲመለስ ደስ ይለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጡቷ አብጦ ስታቃስት ሰማሁና ውሃውን አሙቄ ወሰድኩለት። ዘግይቼ ነበር፤ አንዱ ጡቷ ደረቀ። ወንድሜ እስከ ዛሬ በሽታ ይመስለዋል። ይህን ሲያነብ ይወቀው።

አንድ ነገር ግን አላየሁም፤ ዓይኔ ላሚቱ ላይ ነበር። አባቴ ገመዱን ሲወስድ ፊቴን አይቶ ነበር? እዚያ የነበራችሁ፣ ያያችሁትን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ጨምሩልኝ።