ጉታ ያላየው በረራ

ሱሉልታ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የተበላሸበት ሰው ሁሉ የጉታን ሱቅ ያውቃል። ከሱቁ ጣሪያ በሲባጎ የተንጠለጠሉትን ትንንሽ አውሮፕላኖችም ያውቃል። ጉታ ከቴሌቪዥን ካርቶን በሚወጣ ፎም ክንፍ እየቆረጠ፣ ከተጣለ መጫወቻ ሞተር እየፈታ የሠራቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ከጓደኛው ከዳኜ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ያበርራቸው ነበር። አብዛኞቹ ገና ከመነሣታቸው አፍንጫቸውን መሬት ላይ ተክለው ይሰባበራሉ። ሁለቱም እየተንከተከቱ ስብርባሪውን ለቅመው ይመለሳሉ።

ዳኜ አግብቶ ቡራዩ ከገባ በኋላ እሑዶቹ ቀሩ። በዚያው ሰሞን የጉታ ዓይን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ በጎን የሚመጣ ባጃጅ አልታይ አለው። ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ግላኮማ ነው አሉት። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ በቀኙም የሚያየው በቧንቧ ቀዳዳ አጮልቆ የማየት ያህል ብቻ ነው፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ከሚስቱ ከደራርቱ በቀር ለማንም አልተነፈሰም። ዳኜ ሲደውልለት፣ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይለዋል።

አንድ እሑድ ዳኜ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ እነጉታ ቤት ከች አለ።

«አካም ጅርታ፣ ጉታ! ዱባይ ያለችውን እህቴን ለምኜ ያስመጣሁልህ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ በሪሞት የሚበር አውሮፕላን። በቀላሉ ይገጣጠማል፣ ቢወድቅም አይሰበርም ብላኛለች። በል ፍታው እስቲ!»

ጉታ ክንፉን፣ ጭራውን፣ ጎማዎቹን በዳበሳ ሲገጣጥም እጁ አንዴም አልሳተ። ደራርቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። እንደዚያ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች። «አትሂድ» ልትለው ፈልጋ ተወችው፤ ባዶውን ካርቶን ይዛ ተከትላቸው ወጣች።

ሜዳው ላይ ጉታ ሪሞቱን ያዘ፣ ዳኜ አውሮፕላኑን ወረወረው። ሞተሩ እያፏጨ ሽቅብ ወጣ። ቀይ ክንፉ ለአፍታ ለጉታ ብልጭ አለለትና ጠፋ። አንገቱን ወዲያ ወዲህ አዞረ። ሰማይ ብቻ ነው።

«ደራርቱ፣ የት ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«በቀኝህ፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ። ኧረ መልሰው፣ እየራቀ ነው!»

ዳኜ ሹክሹክታውን ሰምቶ ዘወር አለ። ጓደኛው አውሮፕላኑ በሌለበት በኩል አንጋጦ ቆሟል።

አውሮፕላኑ ከዛፍ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ዳኜ ሮጦ አነሣው። እንኳን ሊሰበር፣ ጭረትም አልነካው። ታቅፎት ወደ ጉታ ተመለሰ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው።

«ብነግርህ ይህን ታመጣልኝ ነበር?»

ዳኜ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ድሮው ሊስቅ ቢሞክር ዕንባው ቀደመው።

ጉታም ቁጭ ብሎ ራሱ ክንፉን ፈታትቶ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። «ውሰደው፣ ዳኜ። እኔ ዘንድ ከሆነ ስገጣጥም ስፈታ ነው የምውለው። አልችለውም።»

ደራርቱ ዳኜን እስከ ታክሲው ሸኝታ ስትመለስ ባሏ ሜዳው ላይ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ሲበር... ያምር ነበር?»

«በጣም» አለችው።

ተነሣና እጁን ዘረጋላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው እያየው እንድትመራው ፈቅዶላት አያውቅም ነበር።