የእርሾ ቆጣሪዋ ባል

ጌታቸው ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ቀወት ላይ ሽንኩርትና ማሾ ከሚያመርቱ ቤተሰቦች የተወለደ፣ ረጋ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ ብርቱካን ግን ቤት ስትገባ ወሬዋ አያልቅም። ከከተማው ዳር ባለ አንድ የጠጅ ማምረቻ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። የሮቢት ሙቀት እርሾውን ቶሎ ስለሚጎዳው፣ ብርዙ ላይ ከመጨመሩ በፊት ምን ያህሉ በሕይወት እንዳለ በማይክሮስኮፕ እያየች ትቆጥራለች። አብሯት የሚቆጥር ሮቤል የሚባል የደብረ ሲና ልጅ አለ።

ጌታቸውን ያንገበገበው ይኸው ስም ነው። «ሮቤል እንዲህ አለኝ»፣ «የእኔና የሮቤል ቆጠራ ዛሬ ገጠመ»። እሱ ስሙ ስንቴ እንደተነሣ በልቡ ይቆጥራል። 

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው አድርሶ ሲመለስ በማምረቻው በኩል አለፈ። በመስኮቱ ሁለት ራሶች ተጠጋግተው አየ። ባጃጁን አቁሞ፣ ሳያንኳኳ ገባ።

«እዚህ ምን እየተሠራ ነው?»

ሮቤል ደንግጦ ተነሣ። ብርቱካን ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ እጇን ብቻ ዘረጋች። «ቆይ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

ድምፁን እንኳን አልለየችውም። ከሁሉ በላይ ያመመው ይህ ነው።

ጨርሳ ቀና ስትል ፊቱን አየችና ነገሩ ገባት። አልተቆጣችም። «ና፣ እይ» ብላ ወንበሯን ለቀቀችለት። መጀመሪያ የራሱን ሽፋሽፍት ብቻ አየ። ቀስ በቀስ ግን በቀጫጭን መስመር በተከፋፈለ ሜዳ ላይ እንደ ጨሌ ድብልብል ያሉ ነገሮች ተበትነው ታዩት። አብዛኞቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ አንዳንዱ ሰማያዊ ነው።

«የጨመርንበትን ቀለም የጠጡት የሞቱት ናቸው» አለችው።

«ይቺ የአንዷ ጎን ላይ የተለጠፈችውስ?»

«ልጅ ናት። ገና እየተወለደች ነው።»

«እሷን ነው እኮ ብርቱካን ቅድም ለብቻዋ የቆጠረቻት!» አለ ሮቤል ከኋላ።

«የእናቷን ግማሽ አክላለች፤ ትቆጠራለች!» አለች ብርቱካን።

ሁለቱም ሳቁ። የቆየ ክርክራቸው ነበር። ጌታቸውም መሳቅ ፈለገ፤ ምኑ እንደሚያስቅ ግን አልገባውም። ጥርጣሬው እዚያው ለቀቀው። ቅናቱ ግን ባሰበት።

ወደ ቤት ሲወስዳት፣ «በሮቤል ነው የቀናኸው?» አለችው።

«በሮቤል ቢሆን ይቀለኝ ነበር» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እዚያ ስትስቂ ሌላ ሰው ነሽ። እኔ የማላውቃት።»

ብርቱካን ከኋላ ወንበር ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ስለ ሥራዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ይኸን ሁሉ ሳወራልህ የሰማኸው የእሱን ስም ብቻ ነው።»



ከዚያ ወዲህ ይጠይቃል። መጀመሪያ ለይስሙላ ነበር፤ ኋላ ግን ሙቀቱ የከበደ ቀን ከእሷ ቀድሞ የሚጨነቀው እሱ ሆነ። «ዛሬስ ተረፉ?» ይላታል።

በቅርቡ ሊወስዳት መጥቶ በር ላይ ሲጠብቅ የሁለቱን ሳቅ ሰማ። ቅናቱ አሁንም አለ። ገባና ሮቤልን ጨብጦ፣ «ደግሞ ዛሬ በየትኛዋ ተጣላችሁ?» እያለ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።