ሁለት ጊዜ እኩሌታውን ያየሁት ቲያትር

እኔ የምኖረው ገረሴ ነው፤ ልጄ ደግሞ አርባ ምንጭ። በሥራ ቀን ታስተምራለች፤ እሑድ እሑድ ከጓደኞቿ ጋር እዚያው ሴቻ ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ቲያትር ትሠራለች። ቲያትሩ የሚጀምረው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወደ እኛ የሚወጣው የመጨረሻ መኪና ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ይነሣል። ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ መሐል ላይ ብድግ ብዬ ወጥቻለሁ፤ «ይቅርታ፣ መኪና ነው» እያልኩ፣ በከዘራዬ የሰው እግር እየወጋሁ።

ባለፈው ስትደውል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አባባ፣ አንተ እኮ እስካሁን ያየኸው ስስቅ ብቻ ነው። የኔ ሥራ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የፊታችን እሑድ ካሳየነው በኋላ ይበቃል፤ ሌላ እንጀምራለን። እስከ መጨረሻው የማትቀመጥ ከሆነ ግን አትምጣ። ስትወጣ ከመድረክ ላይ ይታየኛል።»

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ቆላው ሙቀት ለባለቤቴ በዝርዝር አስረዳኋት። እንሰት እየፋቀች ሰማችኝና፣

«ለለቅሶ ስትወርድ ይኼ ጉልበት የት ነው የሚቀመጠው?» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ልጅህ ስታለቅስ ማየት ስለማትችል ነው። ሕፃን ሆናም ስታለቅስ ከቤት የምትወጣው አንተ ነህ።»

እንደ ልማዴ በጎቹን ልይ ብዬ ወጣሁ። በጎቹን ከሸጥናቸው ዓመት አልፏል።

እሑድ ሄድኩ። ልውጣ ብል እንኳ ግማሽ ረድፍ ሰው የሚያስነሣ ቦታ መርጬ መሐል ገብቼ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ተኩል አለፈ። መድረኩ ላይ ያለው አባት ልጄን «ከቤቴ ውጪልኝ» ብሎ ጮኸባት። እሷ ልብሷን ፌስታል ውስጥ እያጨቀች አለቀሰች።

ቲያትር መሆኑን አውቃለሁ፤ ተምሬያለሁ የምል ሰው ነኝ። ግን በእኛ በጋሞ አገር ጠብ ያየ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሐል ይገባል፤ ሣሩን ያየም እጁን ይሰበስባል። እግሬ ሳያማክረኝ ቆመ። እጄ ሣር ፈልጎ ያገኘው ትኬቱን ነው። እሱኑ ከፍ አደረግኩት።

ተዋናዩ ስድቡን አቋረጠ። ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፎ ነው እንጂ የጋሞ ልጅ ነዋ፤ ሽማግሌ ቆሞ እየለመነው እንዴት ይሳደብ?

ከኋላዬ አንዱ፣ «አባቴ፣ ይቀመጡ፣ ከልለውናል» አለ።

«ተዋቸው፣ ያስታርቁ» አለ ሌላው። አዳራሹ ሳቀ። የልጄን ሥራ አበላሸሁ ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

እሷ ግን እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች። «አባቴ፣ ስለ ቆሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረውን ግን እኔው ልናገር፤ ተቀምጠው ይስሙኝ» አለች፣ የቲያትሩ አካል አስመስላ።

ተቀመጥኩ። ለዚያ አባት የነገረችውን ሁሉ ከፊቷ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል ሰማሁ። ስትጨርስ እሷ ማልቀሷን ትታ ነበር፤ እኔ ገና መጀመሬ ነበር።

ሰው ሲወጣ፣ ፊቷን ሳትታጠብ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«መኪናህ እኮ ሄደ» አለችኝ።

«ይሂድ፤ እሱ ደግሞ ስለ ቲያትር ምን ያውቃል» አልኳት።

ሳቀችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። የፊቷ ቀለም ነጩ ጋቢዬ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ልጠበው ባለችኝ ቁጥር እስካሁን፣ «ነገ» እላታለሁ።