እትዬ ጭራ እና ዝም ያለው ሰርቨር

ቅጽል ስሙን ያመጣችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ሰው ፋይል አልከፈት ብሎት ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ጭራው ምንድን ነው?» ብላ ነው። በፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቧ ቀጥሎ ያለችውን፣ ዓይነቱን የምትናገረውን ማለቷ ነው። በሕክምና ላቦራቶሪው የኮምፒውተር ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ስትል ኖራ እትዬ ጭራ ሆና ቀረች። እሷም አልከፋትም።

የላቦራቶሪውን መረጃ የሚይዙት ሰርቨሮች የሁለት ቤት ልጆች ናቸው፤ ከፊሎቹ በሊኑክስ፣ ከፊሎቹ በዊንዶውስ ይሠራሉ። ሊኑክሶቹ ውሏቸውን በተራ ጽሑፍ ስለሚመዘግቡ ማንም ከፍቶ ያነበዋል፤ የዊንዶውሶቹን መዝገብ ግን በራሳቸው ማንበቢያ ካልከፈቱት ምልክት ብቻ ይዘረግፋል። ሁሉንም የሚጠብቀው አንድ የክትትል ሶፍትዌር ነው። ማንን እንደሚጠብቅ የሚነግሩት ጭራቸው «.conf» የሆነ የቅንብር ፋይሎች ናቸው፤ ሌላ ጭራ ያለውን ዞር ብሎም አያይ።

አዲሱ የክፍሉ ኃላፊ ይህን ሶፍትዌር እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። ሰኞ ጠዋት ስክሪኑን እያሳዩ፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አሏት። ከዚያ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ የእሷ የሥራ መደብ እንዲታጠፍ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሊጽፉ መሆኑን ነገሯት።

ደነገጠች፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ቆጠረችው። ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ መብራት መኖር ነበረበት፤ ሰርቨሮቹ ዘጠኝ፣ መብራቶቹ ግን ስምንት።

«የታካሚ ውጤት ማስቀመጫው ሰርቨር የታለ?»

«አዲሱ? እሱን እኔው ነኝ ያስገባሁት፣ የቅንብር ፋይሉን በላፕቶፔ ጽፌ።»

«በዊንዶውስ?»

«አዎ።»

«በኖትፓድ?»

«ታዲያ በምን ልጻፍ?»

ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ዊንዶውስ ጭራ የመደበቅ አመል አለበት፤ ኖትፓድ የሚባለው መጻፊያው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን «.txt» ይቀጥላል። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፋይሉን የክትትል ሶፍትዌሩ ካለበት የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስትፈልገው ሙሉ ስሙ ታየ፤ መጨረሻው «.conf.txt» ይላል። ትርፉን ጭራ ቆረጠችና ሶፍትዌሩን እንደገና አስነሳች። ዘጠነኛው መብራት ቀይ ሆኖ በራ። ዲስኩ ዘጠና ስምንት በመቶ ሞልቷል፤ እስከ ምሳ ሰዓት የታካሚዎቹ ውጤት ማረፊያ ሊያጣ ነበር።

ኃላፊውን ላብ አጠመቃቸው። እትዬ ጭራ ግን ወዲያው ወደ ሥራዋ ገባች። ያረጁትን መዝገቦች ጨምቃ ወደ ሌላ ዲስክ አዛወረች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

በማግስቱ ኃላፊው ፍላሽ ይዘው ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሙ።

«እትዬ ጭራ፣ ከመላኬ በፊት ጭራውን ይዩልኝ።»

ከፈተችው። ለዋናው መሥሪያ ቤት የተጻፈው ደብዳቤ ነው። ስህተቱ የራሳቸው እንደነበር፣ መደቡም እንዳይነካ፣ ከእንግዲህ እሷ ያላየችው የቅንብር ፋይል ሥራ ላይ እንዳይውል ይላል። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ አልፈለገችምም።

«ጭራው ደህና ነው» አለቻቸው። «ይላኩት።»