እትዬ ሙሉ የጣዱት ንፍሮ

ልጄ የገዛችልኝ የኤሌክትሪክ ድስት ቀስ ብሎ ያበስላል። የዘፈዘፍኩትን ስንዴና ሽንብራ ጨምሬበት እወጣለሁ፤ ስመለስ በስሎ ይጠብቀኛል። ዛሬ በሩን ስከፍት ግን ሽታው ወዳደግኩባት መንደር ወደ ብልባላ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ልጅ ነኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ በትልቅ የሸክላ ድስት ንፍሮ ጥደዋል። ያን ያህል ንፍሮ የሚቀቀለው ለለቅሶ ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳቸው።

«ኩበቱን አታራግቢው፤ ቀስ ብሎ ይብሰል» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ጭሱ አዙረው።

«እናቴን ልጥራልዎ? ታግዝዎ።»

«ተያት ልጄ። የዛሬን እራቷን በሰላም ትብላ።»

ምኑም አልገባኝም። እፍኝ ንፍሮ ሰጡኝና ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ የዘመተው ወንድሜ ሲመጣ የሚለብሰውን ጋቢ እያንጎራጎረች ታጥባለች። ከእጄ ቆንጥራ ቀመሰችና «ጨው አንሶታል» ብላ ሳቀች።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። እስከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እናት ብቻ ናት። በማግስቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች የወንድሜን መርዶ ይዘው መጡ።

የእትዬ ሙሉ ዝምታ ደግነት ነበር ወይስ ጭካኔ? ይኸው አርጅቼም አልለየልኝም።

የኤሌክትሪክ ድስቱን ክዳን አነሳሁና አንድ ፍሬ ቀመስኩ። ጨው አንሶታል።