ባልዝያ ያጸዳችው የብረት ኳስ

የሙዚየማችን ጽዳት ሠራተኛ ባልዝያ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ከጠፈር የወረደውን ያንን ሰው የሚይዝ የብረት ኳስ በኮምጣጤና በደቃቅ አሸዋ ስትፈትግ ኖራለች። ኳሱ ሰው ጠፈር መውጣት በጀመረበት ዘመን፣ እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከመንደራችን ጀርባ ሜዳው ላይ ወረደ። ከውስጡ ለወጣው ሰው ፈረሱን ጋልቦ ደርሶ የባዝራ እርጎ ያጠጣው አባቷ ነው።

«የአባቴ እንግዳ የመጣበት ቆሽሾ አይታይም» ትላለች።

እኔም የሙዚየም ኃላፊ ነኝ ባዩ፣ ኳሱ መስታወት ሲመስል እያየሁ በየዓመቱ የምስጋና ወረቀት እፈርምላት ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ዳሜሽ የምትባል ባለሙያ ኳሱን ወደ ትልቁ ሙዚየም ልትወስድ ከአልማቲ ከተማ መጣች። ገና በሩ ላይ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ጥቁሩ የታለ?»

«የቱ ጥቁር?» አለች ባልዝያ ኮራ ብላ። «አንዲት ነጥብ ካገኘሽ አፍንጫዬን ቁረጪ!»

«እማማ፣ ቃጠሎውን እኮ ነው! ከሰማይ ሲወርድ የነደደበትን! ታሪኩ እሱ ነበር፤ ብረትማ የትም ሞልቷል!»

ባልዝያ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። የፈረምኩት ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ ሲለኝ መግቢያ ጠፋኝ።

«የአባቴን እንግዳ ያዋረድኩት እኔ ነኝ በይኛ» አለች ባልዝያ።

ዳሜሽ ተስፋ ሳይኖራት፣ «የተፋቀውንስ የት ደፉት?» አለቻት።

ባልዝያ ሐዘኗን ረስታ ብድግ አለች።

«መድፋት? አመድ ተደፍቶ ሊረገጥ? እናትሽ አመድ አይረገጥም ብላ አላሳደገችሽም እንዴ?»

እጇን ይዛ መጥረጊያና ባልዲ ወደምታስቀምጥበት ጓዳ ጎተተቻት፤ እኔም ተከተልኩ። መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ የቲማቲም ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ጥቁር ዱቄት ሞልቷቸዋል። በያንዳንዱ ላይ ዓመቱና የተፋቀበት ቦታ ተጽፏል፦ «በር በኩል»፣ «ሆዱ»፣ «ከሥሩ»። ከአሥራ አንደኛው ዓመት ወዲህ የሚወጣ ጥቁር አልነበረም። ዳሜሽ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በዚያ ጓዳ በር በቀን አሥር ጊዜ ሳልፍ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ገባ ብዬ አላየሁም።

ዱቄቱ ወደ ኳሱ አይመለስም፤ መመርመር ግን ይቻላል አለች ዳሜሽ። በማግስቱ እሷና ሾፌሯ ጠርሙሶቹን እንደ እንቁላል በጥጥ ጠቅልለው፣ ለሁለት ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑ። የተፋቀውን ኳስ ግን አያስፈልግም ብለው ትተውልን ሄዱ።

ሐሙስ ደረሰ። ባልዝያ ጨርቋን ይዛ መጣች። ኳሱ ላይ የሳምንት አቧራ አርፎበታል። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበች።

«ኤርሳይን ልጄ፣» አለችኝ፣ «ይሄስ? ይሄም ታሪክ ነው?»

ዕድሜ ልኬን ሙዚየም የመራሁ ሰውዬ ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ ወደ ጓዳው ሄድኩ።